«አንቺ ሌባ፣ አልሞትሽም እንዴ?» ይህን ከድሬ ውጭ ላደገ ሰው እንዴት ላስረዳ?

የሳቢያን ልጅ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ድሬ ተወልጄ ድሬ ነው ያደግኩት። እጮኛዬ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው። ባለፈው ሳምንት አባቱ ከቤተሰቦቼ ጋር ሊተዋወቁ መጡ፤ ድሬን ከዚያ በፊት አይተዋት አያውቁም። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ የከዚራን ሰፈር ላሳያቸው ይዣቸው ወጣሁ። ዛፎቹን ወደዷቸው፣ በየመሃሉ እየቆሙ ቀና ብለው ያዩ ነበር። የምድር ባቡር ጣቢያው አጠገብ ስንደርስ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ከባጃጁ ዘሎ ወረደና መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ «አንቺ ሌባ! አልሞትሽም እንዴ? አቦ የት ተቀብረሽ ነው?» ብሎ አቀፈኝ። እኔም «ዝም በል አንተ ውሻ» አልኩት። ምን እንዳልኩ ልብ እንኳ አላልኩም፤ ሁለት ወር ሳንተያይ ቆይተን ስለነበር ደስ ብሎን ነው። ሽማግሌውን አስተዋወቅኩት። «አንተ ነህ የሙሽራው አባት? እንኳን ደህና መጣህ!» ብሎ በሁለት እጁ ጨብጧቸው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። ምሳ ላይ እንደ ልማዳቸው አጎረሱኝ፣ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ፣ አፈር ስሆን» እያሉ። ጉርሻውን ስጨርስ ጠጋ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ያ ልጅ ምን አድርገሽው ነው?» አሉኝ።

አልተቆጡም፣ አዝነውልኝ ነው። እሳቸው ያዩት የልጃቸው እጮኛ በአደባባይ ሌባ ስትባል፣ ሞት ሲጠራባት፣ እሷም መልሳ ስትሳደብ ነው። «አባባ፣ እኛ ጋ እንዲህ ነው፣ ፍቅር ነው» አልኳቸው። ስናገረው ለራሴም ጆሮ ባዶ ሆነብኝ።

ሰርጉ ግንቦት ላይ ነው። እነሱ በሁለት አውቶቡስ ይመጣሉ፤ የኔን ጓደኞች ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ። የሚቀመጡት አንድ ድንኳን ውስጥ ነው። ሰውዬውን ከልቤ ወድጃቸዋለሁ። አብሬያቸው ያደግኳቸውን ልጆች እንደ ባለጌ ቆጥረዋቸው እንዲሄዱ አልፈልግም። እንዴት ብዬ ላስረዳቸው?


የሹመንደፈር ልጅ፣ ማክሰኞ ማታ 3፡02

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። እኔ ብሆን ከከተማዋ አፈጣጠር ነበር የምጀምርላቸው።

ባቡር ድሬ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም አብራው ተወለደች። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ የመናዊው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ ሁሉም ለሥራና ለንግድ እዚሁ ተገናኘ። አባቴ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ 31 ዓመት ሠርቷል። ተለማማጅ ሆኖ ሲገባ ፈረንሳዊ አለቃ ነበረው። ቡሎን አልፈታ ባለው ቁጥር ሰውዬው «ሜርድ!» ይላል። አባቴ «አጥብቀህ ምታ» የሚል ትእዛዝ መስሎት ሁለት ሳምንት ሙሉ «ሜርድ» በተባለ ቁጥር መዶሻ ሲያነሳ ከረመ። በኋላ አንድ የጅቡቲ ልጅ ቃሉ ዓይነ ምድር ማለት እንደሆነ ነገረው። ተቀይመህ ነበር ወይ ስንለው «ሰውዬው የተሳደበው ከብረቱ ጋር ነው፣ እኔን ምን አለኝ?» ይለን ነበር።

ልብ ካላችሁ አባቴ ትርጉሙን ሳያውቅ ሁለት ሳምንት አብሮት ሠርቷል። የሰውዬውን ፊት ነበር የሚያነበው። የየሰው አፍ መፍቻ በተለያየበት ጋራዥና ገበያ ያደገ ሰው ቃሉን ከመስማቱ በፊት ዓይኑን፣ ትከሻውን፣ የድምፁን ከፍታ ያያል። እኛ ልጆቻቸው ያንን ወርሰናል ብዬ አምናለሁ።

«አንተ» ስላላቸውም እንዳይከፋቸው አስረጃቸው። የሶማሌው «አዲጋ» ለአባትም ለታናሽ ወንድምም አንድ ነው። የዓረቡ «ኢንተ»ም እንደዚያው። ከእነዚህ ቋንቋዎች ጋር ጎን ለጎን ያደገ አማርኛ «አንቱ»ን ብዙም ባይጠቀም አይግረማቸው። በሁለት እጁ መጨበጡ ነው የሱ «አንቱ»።


መምህር ከጎንደር፣ ማክሰኞ ማታ 3፡40

አክብሬ ልለይ። ጎንደር ተወልጄ ድሬ ሳስተምር ዘንድሮ 9ኛ ዓመቴ ነው።

በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የ14 ዓመት ተማሪ እጁን አውጥቶ «አንተ፣ እስቲ ይቺን ድገማት» አለኝ። ትምህርቱን አቋርጬ ቆምኩ። ክፍሉ በሙሉ ምን እንደሆንኩ ግራ ገብቶት ያየኛል። ያን ዕለት ማታ የመልቀቂያ ደብዳቤ ልጽፍ ወረቀት አውጥቼ ነበር። በማግስቱ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ሄድኩ። ሻጯ «ምን ትገተራለህ አንተ ከሲታ፣ ግዛ ወይ ሂድ» አለችኝ። ሂሳቡን ስከፍል ደግሞ ሳልጠይቃት ሁለት ሎሚ መረቀችልኝ። ስድቡንም ምራቂውንም ይዤ ቤቴ ገባሁ፣ የቱን እንደማምን ሳላውቅ።

በ3ኛው ዓመት እናቴ አረፈች። «አህያው» እያሉ የሚጠሩኝ የሰፈር ልጆች ድንኳን ጣሉልኝ፣ ውሃ ቀዱ፣ ሦስት ሌሊት አብረውኝ አደሩ። በእነዚያ ቀናት አንድም ሰው «አህያው» አላለኝም። «ጋሼ» ነበር የሚሉኝ። ከሳልስት በኋላ ሥራ ስገባ አንዱ ከባጃጁ አንገቱን አውጥቶ «አህያው፣ ቁርስ በልተሃል?» አለኝ። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ወደ ሰው እንደ መለሰኝ ነው የተሰማኝ።

ስለዚህ ቃላችሁ ምን እንደሚሸከም አውቃለሁ። ግን እስክለምደው ስንት ጊዜ ፈጀብኝ! የእህታችን አማች ደግሞ ያላቸው ሦስት ቀን ነው። እንግዳው ነው የባለቤቱን ጆሮ መዋስ ያለበት ወይስ ባለቤቱ ነው ለእንግዳው አፉን መሰብሰብ ያለበት? እኔ ሁለተኛውን ነው የምለው።

ሌላም አለ። ክፍል ውስጥ በየዓመቱ አንድ ልጅ አይቼ ይጨንቀኛል፤ ሲሰደብ የሚስቅ፣ መልሶ ግን የማይሳደብ። ሌሎቹ «ጨዋታ ነው ቲቸር» ይሉኛል። ኳስ ከአንድ ወገን ብቻ ስትመታ ጨዋታ አትባልም።


መጋላ፣ ረቡዕ ጠዋት 1፡25

እኔ ሶማሌ ነኝ፣ መጋላ ነው ቤታችን። አማርኛዬ ስህተት ካለው እለፉት።

ስለ አንዲት ቃል ልንገራችሁ። «ዋርያ»። በእኛ ቋንቋ ወንድን መጥሪያ ናት፣ አማርኛ «አንተ ልጅ» እንደሚለው። ሴት ከሆነች «ናያ» ነው። ጓደኛዬን በቀን መቶ ጊዜ «ዋርያ» እለዋለሁ። አባቴን ግን በሕይወቴ ብዬው አላውቅም፤ ብለው ትልቅ ድፍረት ነው። ቃሏ በራሷ ክፉ አይደለችም፣ ቦታ አላት እንጂ።

አዲስ አበባ መናኸሪያ ውስጥ አንድ ረዳት ሻንጣዬን እየወረወረ «ዋርያዎቹን ከኋላ አድርጋቸው» አለ። እየጠራኝ እንኳ አልነበረም፤ ስለ እኔ ለሌላ ሰው ነው የሚያወራው። የገዛ ቋንቋዬ ቃል ነው፣ አንድ ፊደል አልተለወጠም። ግን መጥሪያ መሆኗ ቀርቶ የሕዝብ ስም አድርገዋታል፤ እሱም ከአፋቸው እንደ ቆሻሻ ተፍተዋት። እስከ አዋሽ ድረስ ከማንም ጋር አላወራሁም።

መምህሩ ላነሱት ደግሞ፣ እኛ ቤት ስድብና እርግማን አንድ አይደሉም። እናቴ «ደሜር» ትለኛለች፣ አህያ ማለት ነው። እስቃለሁ፣ እሷም ትስቃለች። ሀባር፣ እርግማኑ፣ ግን ሌላ ነው። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ታላቅ ወንድሜ እናቴን ገፈተራት። ጮኸች ብላችሁ ታስባላችሁ፤ ዝም ነው ያለችው። ዝም ብላ ሁለት መዳፏን ወደ ላይ አነሳች። ጎረቤታችን ኦሮሞ ናት፣ ሊጥ እያቦካች ነበር። ሊጥ በያዘ እጇ ሮጣ መጥታ የእናቴን አፍ ከደነችው። «አባርሳ አይውጣ፣ አይውጣ» እያለች፤ በኦሮምኛ እርግማን ማለት ነው። የእናቴ ከንፈር ላይ ሊጡ ቀርቶ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ቀኑን ሙሉ ሲሰዳደቡ የሚውሉ ናቸው።


ጁገል፣ ረቡዕ ጠዋት 4፡50

ከሐረር ነኝ። መጋላ፣ የሊጡን ነገር ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ፤ እሷም ስድብ ስትሰማ አትነቃነቅም፣ እርግማን ሲጀመር ግን ጆሮዋን ትይዛለች።

የአማርኛው «ጅብ» የሚገርም ነው። ለእናንተ ሆዳም፣ ስግብግብ ማለት ነው። እኛ ከተማ ወራባ፣ ጅብ ማለት ነው፣ እንግዳ አይደለም። በግንቡ ላይ ማለፊያ ቀዳዳ አለው፣ ሌሊት ገብቶ ከተማዋን ከቆሻሻም ከጂንም ያጸዳል ይባላል። በአሹራ ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል፤ ደህና አድርጎ ከበላ ዓመቱ መልካም ይሆናል። የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ምግብ አዳራሽ ውስጥ አንዱ «ይሄ ጅብ» አለው። ፈገግ ብሎ ሳህኑን አቀበለው። ልጁ ሊሰድበው እንደፈለገ የገባው ከሳምንት በኋላ ነው፤ ሲገባውም ሊከፋው አልቻለም። እንስሳው በልቡ ውስጥ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

አማቹ የድሬን ቃል በማርቆስ ልብ ነው የሰሙት። ሌላ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?


ነርሷ፣ ረቡዕ ማታ 1፡15

የምሠራበትን ቦታ አልናገርም። አንድ አባት ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸውና ንግግራቸው ጠፋ። ሁሉን ይሰማሉ፣ ሰው ይለያሉ፣ ቃል ግን አይወጣቸውም። የልጃቸውን ስም ለመጥራት ሲታገሉ ላብ ያጠምቃቸዋል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደም ልወስድ መርፌ ስወጋቸው ድንገት ጥርት ባለ ድምፅ «አቦ!» አሉ። ቀጠሉና አንድ የውሻ ልጅ የሚል ስድብ ሰደቡኝ።

ልጃቸው ሳህኑን ጥላ እግሬ ላይ ወደቀች። ይቅርታ የምትጠይቀኝ መስሎኝ «ምንም አይደል» እላታለሁ፤ እሷ ግን «ተናገረ! አባዬ ተናገረ!» እያለች ታለቅሳለች። እንደዚያ ቀን ስድብ ጣፍጦኝ አያውቅም። በማግስቱ ስሟን እንዲጠሩ ሞከርን፣ እንቢ አለ። «አቦ» ግን ነበረች።

እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ካለ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።


የቋንቋ ተማሪ፣ ረቡዕ ማታ 2፡48

ነርሷ፣ ያየሽው በሕክምናው ዓለም ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው። ንግግር የሚቀናበረው በአብዛኛው ሰው በግራ አንጎል በኩል ነው። ስድብ፣ መሐላ፣ የቁጥር አቆጣጠር፣ የጸሎት ቃል ግን በልማድ የተጠቀለሉ ሆነው ከስሜት ጋር ስለሚቀመጡ ያኛው ሲጎዳ እነሱ ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። አባትየው አስበው አይደለም የሰደቡሽ፤ ሕመሙ ራሱ ነው በዚያ በር የወጣው።

ሕመምና ስድብ ካነሳን፣ እንግሊዝ አገር ኪል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በፈረንጆች 2009 የወጣ ጥናት አለ። ተማሪዎች እጃቸውን በረዶ በሆነ ውሃ ውስጥ ከተው እንዲቆዩ ተደረገ። የስድብ ቃል እየደጋገሙ የቆዩት ተራ ቃል ከሚደጋግሙት በላይ ቻሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከእነዚያ ተመራማሪዎች አንዱ ከሌላ ባልደረባ ጋር ሲያየው፣ በየቀኑ አብዝቶ የሚሳደብ ሰው ከዚህ የሚያገኘው ማስታገሻ ትንሽ ነው። ድሬን አስቧት። በቀን መቶ ጊዜ የሚነገር «ሌባ» ስለቱ ዶልዷል። ማርቆስ ላይ በዓመት አንዴ የሚነገር «ሌባ» ግን እንደተሳለ ነው።

አፍ መፍቻም ነገር አለው። ዠን ማርክ ደዋሌ የተባለ የለንደን ምሁር በፈረንጆች 2004 ከአንድ ሺህ በላይ ብዙ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎችን ጠይቆ ነበር፤ ስድብ ይበልጥ የሚከብዳቸው በመጀመሪያ ቋንቋቸው እንደሆነ ነው የመለሱት። እኔ ይህን በአጎቴ አይቼዋለሁ። አናጢ ነው፣ አራት ቋንቋ ያቀላጥፋል። ከደንበኛ ጋር በአማርኛ ይከራከራል፣ ከእንጨት ነጋዴው ጋር በሶማሌኛ ይሰዳደባል፣ ፊቱ ላይ ምንም አይታይም። መዶሻው አውራ ጣቱን የመታው ቀን ግን የወጣው ኦሮምኛ ብቻ ነበር፣ ከእናቱ የሰማው።

ሕዝብ ሁሉ የሚሳደበው በሚፈራው ነገር ይመስለኛል። የካናዳዋ ኬቤክ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ከባድ ስድባቸው የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ስም ነው፤ ጽዋው፣ ቅዱስ ቁርባኑ፣ ማደሪያው። ያንኑ ቃል ፓሪስ ላይ ብትለው ዕቃውን ነው የሚያስቡልህ። ኔዘርላንድ ደግሞ በበሽታ ነው የሚሳደቡት፤ ካንሰር፣ ታይፈስ፣ ኮሌራ። የኛ «ፍልጠት ያርግህ» ለእነሱ ሩቅ አይሆንም። እንግሊዝኛ መማልንም መሳደብንም በአንድ ግሥ ነው የሚጠራው። እኛ ግን መጋላ እንዳለው መሐላን፣ ስድብን፣ እርግማንን ለየብቻ አስቀምጠናል፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

መሰዳደብን እንደ ዝምድና የያዙም አሉ። ማሊ ውስጥ ዲያራና ትራኦሬ የሚባሉ ቤተሰቦች በተገናኙ ቁጥር «አንተ ባቄላ በላ» ይባባላሉ። መቀየም ነውር ነው። የኒጀሩን ተመሳሳይ ልማድ ዩኔስኮ በፈረንጆች 2014 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። እዚያ ማን ማንን መስደብ እንደሚችል ከአያት የወረደ ሕግ አለው። እንግዳ ሰው ዘሎ አይገባበትም።


ስሜን ልተው፣ ሐሙስ ጠዋት 12፡30

ሁሉንም አነበብኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ስለዚህ ልጻፈው።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጀበናና ድስት ሠርታ ነው ያሳደገችን፣ አንድ ቀን ተርበን አላደርንም። ጓደኞቼ የምወዳቸው ጓደኞቼ ናቸው፤ በርጫ ላይ ሃያ ዓመት አብረን ተቀምጠናል። «ቡዳው» ይሉኛል። «ቡዳው ቁጭ በል»፣ «ምግቡን ሸፍኑት ቡዳው መጣ»። ሃያ ዓመት ስቄያለሁ። እነሱም ከልባቸው ይወዱኛል፣ ይህን አልጠራጠርም። ታምሜ አስታመውኛል።

ውሻም ይሉኛል፣ ሌባም ይሉኛል። እነዚያ ምንም አይሉኝም። ልዩነቱን ለዓመታት ላገኘው አልቻልኩም ነበር። ውሻ ሲሉኝ ውሻ እንዳልሆንኩ ሁላችንም እናውቃለን። ቡዳ ሲሉኝ ግን ከመሃላችን የሚያምን አለ። ማን እንደሆነ አላውቅም። አንዱ ሚስቱ ስትወልድ ሁሉም ሲጠሩ እኔ ሳልጠራ ቀረሁ፤ ረስቶኝ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሳልጠራ በቀረሁ ቁጥር ያቺ ቃል ናት የምትመጣው።

ባለፈው ዓመት የ8 ዓመት ልጄ «አባዬ፣ ቡዳ ምንድን ነው?» አለኝ። እኔ ቤት ውስጥ ተናግሬው አላውቅም። ለእናቱ ተውኩትና ወጣሁ።


የቋንቋ ተማሪ፣ ሐሙስ ጠዋት 3፡05

ወንድሜ፣ ያልከውን መጽሐፍ ውስጥ አንብቤው ነበር፣ እንዲህ ግን አልገባኝም ነበር። የቋንቋ ምሁሩ ዊልያም ላቦቭ የኒው ዮርክ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች ጨዋታ ላይ የሚሰዳደቡትን በፈረንጆች 1972 ጽፎታል። ስድቡ ጨዋታ ሆኖ የሚቆየው ሁሉም ውሸት መሆኑን እስካወቀ ድረስ ነው። እውነት ሊሆን የሚችል ነገር ከተነካ ተሰዳቢው መልሶ መሳደቡን ያቆምና መከላከል ይጀምራል። እዚያ ላይ ጨዋታው ይፈርሳል። አንተ መከላከል ስላልቻልክ ሳቅክ።


የሹመንደፈር ልጅ፣ ሐሙስ ጠዋት 3፡31

እኔ በርጫህ ላይ የለሁም፣ አላውቅህም። ግን እንዲህ የምጠራው ሰው አለኝ። ዛሬ እደውልለታለሁ።


መምህር ከጎንደር፣ ሐሙስ ከሰዓት 8፡20

«ስሜን ልተው»ን እግዚአብሔር ያክብረው። ክፍል ውስጥ የማየው ልጅ የአንተ ልጅ ይሆን ብዬ ቀኑን ሙሉ አሰብኩ።

በሕጉም ቢሆን፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስድብን በተሰዳቢው አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። አቤቱታ አቅራቢው ተሰዳቢው ራሱ መሆኑ ልክ ይመስለኛል፤ መጎዳቱን የሚያውቀው እሱ ነውና። እያሳቀ የሚጎዳ ሰው ግን ለማን አቤት ይላል?


ከአባይ ማዶ፣ ሐሙስ ማታ 2፡00

እኔ የማርቆስ ልጅ ነኝ። እህቴ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰው ሁሉ ሌባ ላይና ውሻ ላይ ቆሟል። እኔ ሌላ ነገር አየሁ።

አባትየው ራሳቸው ምሳ ላይ የተናገሩት ስለ ሞት ነው። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»። ቋንቋችንን የማያውቅ ሰው ቢሰማ፣ ሽማግሌ ሰው ማዕድ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ መቀበሩ ያወራል ብሎ ይደነግጥ ነበር። እኛ ግን ፍቅር መሆኑን እናውቃለን። ታዲያ ከጓደኛሽ በምን ተለዩ? እሳቸው ሞቱን ወደ ራሳቸው ነው ያዞሩት። አፈር የሚሆኑት እሳቸው ናቸው። «እኔ ልሙት»፣ «ሞቼ ልገኝ»፣ «እኔን»፣ ሁሉም ወደ ተናጋሪው ነው የሚመለሰው። ጓደኛሽ ግን ሞትን ወደ አንቺ አዞረ። «አፈር ስሆን»ና «አፈር ብላ» አፈሩ አንድ ነው፤ በማን ላይ ይውደቅ የሚለው ነው ልዩነቱ። አዎ፣ «አንተ ሙት» ብለንም እንምላለን። እሱንም ቢሆን የምንምለው በማይሆንብን ሰው ነው፣ ውሸት ከሆነ የምናጣው እሱን ነው ለማለት።

«የሰደበኝ የነገረኝ» ይባላል። እዚህ የሰደበሽም የለም፣ የነገረሽም የለም። ሽማግሌው አንድ ነገር ሰምተው ደንግጠዋል። ሌባ የምትለዋ አትመስለኝም፤ እኛም አገር ሕፃን ስናጫውት «አንተ ሌባ» እንላለን። ከማስረዳትሽ በፊት የቷ ቃል እንደወጋቻቸው ጠይቂያቸው።


ጁገል፣ ሐሙስ ማታ 2፡22

ይህን የመሰለ ነገር አላነበብኩም። እህቴ፣ ጠይቂያቸውና ንገሪን።


የሳቢያን ልጅ፣ እሑድ ማታ 3፡15

እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሁላችሁንም። «ስሜን ልተው»፣ አንተን ብቻ በግል ጽፌልሃለሁ።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ደወልኩላቸው። የከአባይ ማዶን ምክር ይዤ፣ ማስረዳቱን ትቼ «አባባ፣ ያን ዕለት የከፋዎት የቱ ነው?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «ሌባስ ምንም አይደል» አሉ፣ «ውሻ ማለትሽንም ልጅነት ነው ብዬ ተውኩት።» ከዚያ ድምፃቸው ቀጠነ።

እጮኛዬ ታላቅ እህት ነበረችው። እንደነበረች ነግሮኛል፣ ከዚያ አልፎ አያወራም። በሰባት ዓመቷ ኩፍኝ ገደላት። ቀብረዋት ሲመለሱ መንገድ ላይ አንዲት ሴት ልጇን «ሙች!» ብላ ስትቆጣ ሰሙ። የታመመች ልጅ አይደለችም፣ ውሃ ደፍታ ነው። «ከዚያ ወዲህ በልጅ ላይ ሞት ሲጠራ ጉልበቴ ይከዳኛል» አሉኝ። «አንቺም ልጄ ነሽ። ቅዳሜ ዕለት ዛፉን ተደግፌ ነው የቆምኩት።»

ዛፉን ሲያዩ ነበር ብዬ ነበር የጻፍኩላችሁ። አንዱን ግን ተደግፈውት ነበር፣ እኔ አላየሁም።

ለጓደኛዬ ሄጄ ነገርኩት። ባጃጁ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ቁልፉን በጣቱ ሲያዞር ቆየ። ከዚያ «ስልኩን ስጪኝ» አለ። ደወለላቸው። «አንተ» አለ፣ አቆመ፣ «እርስዎ» አለ፣ አፉ ላይ ተንከባለለበት። በሕይወቱ ያን ቃል ሲል የሰማሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። እሳቸው ምን እንዳሉት የሰማሁት ከሱ ነው። «አንተ በለኝ ልጄ፣ የአገርህ ወግ ነው። ሞትን ብቻ ተዋት።»

መምህር፣ ለግንቦቱ ድንኳን የርስዎን ምክር እወስዳለሁ፤ ለጓደኞቼ አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ። ሌባውን ግን አልከለክላቸውም።

ማታ ወደ ቤት ስገባ መንገድ ማዶ ቆሞ አየኝ። «አንቺ ሌባ!» አለ። ቀጥሎ አፉን ከፈተና እንዳለ ቆየ።

«አለሽ?» አለኝ።

«አለሁ» አልኩት።